በማስታገሻ ኪኒን ትንፋሹ ለደከመ ሰው የሚደረግ የመጀመሪያ ርዳታ

ነቢዩ ኤልሳዕ የሱነማዪቱን ልጅ ባስነሣ ጊዜ አፉን በአፉ ላይ እንዳደረገ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 እናነባለን። የተደረገው ተአምር ነው፤ የሕክምና ትምህርት ነው ብለን አንተረጉመውም። ሆኖም በሌላው አፍ መተንፈስ የሚከብዳቸውን የሰበካ ጉባኤ አባላት በዚህ ታሪክ እናደፋፍራለን።

ትምህርታችን ትራማዶልን፣ ኮዴይንንና ሞርፊንን የመሰሉ ብርቱ ማስታገሻዎችን ይመለከታል። ከመጠን ሲያልፉ፣ ይልቁንም ከአረቄ ጋር ሲወሰዱ፣ አንጎል ትንፋሽን የሚያዝበትን ኃይል ያደክማሉ። ሕመማቸውን ይዘው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ከሚመጡት መካከል ኪኒን በኪሱ የያዘ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ከባድ እንቅልፍ ቢወስደው አስታማሚው «ዕረፍት አገኘ፤ ተዉት ይተኛ» ይል ይሆናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሲጠሩትና የደረቱን አጥንት በጣት አንጓ አጥብቀው ሲያሹት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የተራራቀ፣ እንግዳ ማንኮራፋት የሚያሰማ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ሰው እንቅልፍ አልወሰደውም። በጠይም ፊት ላይ የመልክ ለውጥ ቶሎ ስለማይታይ የከንፈሩን ውስጥና ጥፍሩን እንመልከት።

ያን ጊዜ ውኃም ሆነ ወተት፣ ጠበልም ቢሆን፣ በአፉ አይጨመርበት፤ መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። ጠበሉን ማቃለላችን አይደለም። ካህኑ ይጸልይ፣ ይርጨውም፤ አፉ ግን ለትንፋሽ ይተው። አንዱ ለጤና ጣቢያው ወይም በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ሌላው ሕመምተኛውን በጀርባው አስተኝቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል በየ5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ይተንፍስለት። ጨርሶ የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ መተንፈስ ይገባል። በራሱ በደኅና መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ ይተኛ።

ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ለቤተሰብ ጭምር እንዲዳረስ መክሯል። ኃይሉ ከኪኒኑ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የነቃውም ሰው ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

በፎገራ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፀረ ተባይ መርዝም ብሌንን ያጠባል። ምራቅና ላብ ከበዛ፣ የኬሚካል ሽታም ካለ፣ ልብሱ ይውለቅ፣ ገላው ይታጠብ፤ መርዙ ለረዳቱም ስለሚተርፍ አፍ ለአፍ አይተንፈስ።

ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ አምቡላንስ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች አሉ። የእነዚህ አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤ ታንኳው በማን እጅ እንዳለ፣ ስልኩንም ጭምር፣ ከሰኔ በፊት በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።