ጠባቧን መታጠቢያ ቤት በሴራሚክ ማስዋብ

ጥያቄ፦ ሆሳዕና ቤት እያሠራሁ ነው። መታጠቢያ ቤቱ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው። ሳይጨናነቅ እንዲያምር ምን ዓይነት ሴራሚክ ላስለጥፍ?

መልስ፦ ጠባብ ክፍልን ይበልጥ የሚያጠብበው የቀለም ብዛት ነው። ለግድግዳው ነጣ ያለ ወይም ፈዛዛ ግራጫ፣ 30 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ ይስማማል፤ ቁራጮቹ ተለቅ ሲሉ መጋጠሚያው ያንሳል። የመጋጠሚያው መሙያም ከሴራሚኩ ቀለም ጋር ቢቀራረብ ይመረጣል።

ጌጡ ከሩቅ መምጣት የለበትም። ከሆሳዕና ብዙም በማይርቀው በሀላባ አካባቢ የገጠር ቤቶች በደማቅ ቀለማትና በጂኦሜትሪ ቅርጾች ያሸበርቃሉ። ከዚያ የተቀዳ አንድ የሦስት ማዕዘኖች መስመር፣ ከመታጠቢያው ሳህን ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ብቻ ቢለጠፍ ለክፍሉ መልክ ይሰጠዋል። አራቱንም ግድግዳ ማዥጎርጎር ግን ውበቱን ያጠፋዋል።

ወለሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አይመከርም፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሸካራ ገጽ ያለው ይሻላል። ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ውሃ ያቁራል። ሻወሩ አካባቢ ደግሞ ከሴራሚኩ ሥር የውሃ መከላከያ ይቀባ።

እንደ ሆሳዕና ባለ ደጋማ ከተማ እርጥበት ቶሎ ስለማይደርቅ፣ የሚከፈት መስኮት ከሌለ ሻጋታ መጋጠሚያዎቹን ያጠቁራል።

ወለሉ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ ለስብርባሪና ለቆረጣ 10 በመቶ ተጨምሮ 3.3 ካሬ ይገዛ። ከመክፈልዎ በፊት በካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ሊለያይ ይችላል።