የጉሮሮ ሕመምና የሕፃናት ልብ

ልጅ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲል ነገሩ ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ይታለፋል። በእርግጥም አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ይድናል። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው ግን ሳይታከም ከቀረ ልብን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

1. ከጉሮሮ ወደ ልብ

ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመዋጋት የመከላከያ ኃይሉን ያስነሣል። ይሁን እንጂ አንዳንድ የባክቴሪያው ክፍሎች የልብን፣ የመገጣጠሚያንና የአንጎልን ሕዋሳት ስለሚመስሉ፣ በአንዳንድ ልጆች ዘንድ መከላከያው ወዳጅን ከጠላት መለየት ይሳነውና የገዛ አካሉን ያጠቃል። ይህ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። በአብዛኛው የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ሲሆን፣ የሚከሠተውም ከጉሮሮው ሕመም 2 ወይም 3 ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመምና እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ፈቃድ የእጅና የእግር መወራጨት ናቸው። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ በልብ ቫልቮች ላይ የሚቀረው ጠባሳ ግን ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል።

2. ከታሪክ የምንማረው

ይኸው ባክቴሪያ ቀድሞ በአውሮፓ ሆስፒታሎች ወላዶችን ይፈጅ ለነበረው የአራስ ትኩሳት ዋነኛ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ ሐኪሞች አስከሬን ከመረመሩበት ክፍል ወጥተው ወላዶችን እንደሚያዋልዱ ተመልክቶ እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አዘዘ። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ በጁን ወር ግን ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ብዙዎች ባልደረቦቹ ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ሉዊ ፓስተር በ1879 የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ሰንሰለት መሰል ባክቴሪያ አሳየ፤ አሌክሳንደር ፍሌሚንግም በ1928 ፔኒሲሊንን አገኘ።

3. የወላጆች ድርሻ

ሀ. እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በሚያስሉበት ጊዜ አፍን መሸፈንና መኝታ ቤትን ማናፈስ ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ይረዳል።

ለ. ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበት ልጅ በጤና ባለሙያ ይታይ። ባክቴሪያ ከሆነ፣ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ፔኒሲሊን ቢሰጥ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። የታዘዘውም መድኃኒት እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት።

ሐ. በአገራችን የተለመደው እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ልክፍት ያጋልጣል።

መ. የሩማቲክ ትኩሳት አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ያስፈልገዋል። ልጁ ሲሮጥና ሲጫወት የሚያዩ ወላጆች «ድኗል» ብለው መርፌውን ያቋርጣሉ። ሆኖም ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር ቫልቮቹን ይበልጥ ይጎዳልና፣ ማቋረጥ የሚገባው ሐኪሙ ሲወስን ብቻ ነው።