ላስቲክ ስብ አያቀልጥም

እስቲ ስልክሽን ወዲህ አዙሪው። ልጅቷ ወገቧን በላስቲክ ጠፍራ ትዘላለች፤ ከላይ «በ10 ቀን ቦርጭ ድራሹ ይጥፋ» ይላል። የምግብ መጠቅለያውን ላስቲክ ከኩሽና ለምን እንደወሰድሽው አሁን ገባኝ። አልቆጣሽም። ግን ነገ ጂም ከመሄድሽ በፊት ስሚኝ፤ ልፋትሽ ከንቱ ሲቀር፣ ይባስ ብሎም ስትታመሚ ማየት አልፈልግም።

ላብሽ ሲንጠፈጠፍ ስቡ የቀለጠ ይመስልሻል። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሚዛን ላይ ስትወጪ ቁጥሩ ወርዶ ታገኚዋለሽ፤ ውሃ ስትጠጪ ደግሞ ቦታው ይመለሳል። ላብ ሥራው ገላን ማቀዝቀዝ ነው። ከቆዳሽ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞልሽ ይሄዳል፤ ላስቲኩ ግን እንዳይተን ያፍነውና ሙቀቱ ውስጥሽ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች ለውድድር ኪሎ ለመቀነስ ላብ የሚያፍን ልብስ ለብሰው ሲሠሩ፣ በአንድ ወር አካባቢ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ጠንካራ ወጣቶች ነበሩ፤ አሠልጣኝም ነበራቸው። በኮሌጅ ትግል ያ ልብስ የተከለከለው ከእነሱ ሞት በኋላ ነው።

ታዲያ ስቡ በየት ይወጣል ካልሽኝ፣ አብዛኛው በትንፋሽሽ ነው። ስብ ሲቃጠል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣል፤ ከ10 ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎ ያህሉን የምናወጣው በሳንባችን ነው። ስለዚህ ምን ያህል አላበኝ ብለሽ አትጨነቂ።

ሲት አፑንም ሥሪው፣ አልከለክልሽም፤ የሆድሽን ጡንቻ ያጠነክርልሻል። ከላዩ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያነሳውም። ሰውነት ስብ ሲፈልግ ከየቦታው ይወስዳል፤ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ዘርና ሆርሞን ነው። የቴኒስ ተጫዋቾች አንድ እጃቸው ዕድሜውን ሙሉ ራኬት ሲያወዛውዝ ይኖራል፤ ተመራማሪዎች የሁለቱን እጆቻቸውን ስብ ሲለኩ ግን ልዩነት አላገኙም። አንቺ ደግሞ ስትቀንሺ መጀመሪያ ጉንጭሽ ነው የሚጎድለው፤ ሆድሽ መጨረሻ ቢሆን ተስፋ አትቁረጪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ እንጀራው። ከሰኞ ጀምሮ ወጡን ለብቻው በማንኪያ ትበያለሽ፤ እማዬ ደግሞ ምን አጠፋሁ ብላ ታይሻለች። እንጀራ ያወፍራል ያለሽ ማን ነው? ጤፍ ብረትና ካልሲየም ያለው፣ አሰር የሞላበት እህል ነው። ከሽሮና ከምስር ጋር ሲሆን ደግሞ ይደጋገፋሉ፤ ጤፉ ያነሰውን ገንቢ ንጥረ ነገር ጥራጥሬው ይሞላዋል። በጾም ሥጋ ስለሌለ ጡንቻዬ ይሟሽሻል የምትይውም በዚሁ ይመለስልሽ።

ቅዳሜ ወጥ ስትሠሪ እዚያው ነበርኩ። ሽንኩርቱ ላይ ዘይቱን ከጀሪካኑ ቀጥታ አንቆረቆርሽው፤ ድስቱ ዳርና ዳር እስኪያብረቀርቅ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሦስቱ ወደ አንድ መካከለኛ እንጀራ ይጠጋል። ያንን ዘይት በማንኪያ እየጠረግሽ ትበያለሽ፣ እንጀራውን ትሸሺያለሽ። ሽንኩርቱን በራሱ ውሃ አብስለሽው ዘይቱን ለክተሽ ጨምሪ፤ ያኔ እንጀራሽን በሰላም ትበያለሽ።

«ግን እኮ እንጀራ ስተው ሁለት ኪሎ ቀነስኩ» ትይኛለሽ። እውነት ነው፤ ሚዛኑ አልዋሸም። ኃይል ሰጪ ምግብ በድንገት ሲቀር ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠውን ስኳር ይጠቀማል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የተቀመጠው። የሄደው በአመዛኙ ያ ውሃ ነው።

በባዶ ሆድ የምትጠጪው ሎሚ ስብ አያጥብም፤ ጥርስሽን ግን ይበላዋል። ጓደኛሽ የሰጠችሽን የማቅጠኛ ሻይ ግን ዛሬውኑ ተይው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ የሚያስቀምጥ ነው። ሥራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ እዚያ ሲደርስ አብዛኛው ኃይል በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። የሚወጣብሽ ውሃና ልብሽ የሚፈልገው ፖታሲየም ነው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት እንክብል ከሆነማ ጭራሽ እጅሽ አይግባ።

ከጂም ስትወጪ የምትጠጪው ስኳር የበዛበት ጁስስ? የዓለም ጤና ድርጅት ጁሱ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ ስኳርን በቀን ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ብናወርደው ይመረጣል ይላል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ይሄን ያልፈዋል። ፍሬውን እንዳለ ብዪው፤ ውሃ ጠጪ።

ክብደት ማንሳቱን ወንድ እመስላለሁ ብለሽ ፈርተሽ መተውሽ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። የወንድ ቴስቶስትሮን ከሴት ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ አንቺ በ5 ኪሎ ክብደት ደረትሽ አይሰፋም። አጥንትሽ ግን ይጠነክራል። አጥንት ጥንካሬውን የሚያጠራቅመው እስከ 30 ዓመት አካባቢ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለሽን ጠብቀሽ መኖር ነው። ገና 23 ዓመትሽ ነው፤ ጊዜው ይሄ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አንሺ፤ የቀረውን ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፤ በጠቅላላ በሳምንት 150 ደቂቃ እርምጃ በቂ መነሻ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ብትወርጂም ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ቁርስ መዝለል ከጀመርሽ ወዲህ ራሴን ያዞረኛል ትያለሽ። ሴት በየወሩ ደም ይፈሳታል፤ ብረት ያስፈልጋታል። ቁርስሽን ብዪ፤ ቡናውና ሻዩ ብረቱ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዪአቸው። ማዞሩ በዚህ ሳምንት ካልተወሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን አስመርምሪ። ብቻሽን አትሄጂም፤ እኔ ከሥራ አስፈቅጄ አብሬሽ እሄዳለሁ።