ተቀምጦ ለሚደረድር ሰው ሁለተኛ ጊታር

ክንድ ላይ የቀረው መስመር

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ጊታር ሳስተምር ደጋግሞ የሚገጥመኝ ተማሪ አለ። የመጀመሪያውን ቦክስ ጊታር የገዛው መዝሙር ለማጀብ ነው። ቆሞ፣ በማንገቻ አንጠልጥሎ፣ በፒክ እየመታ ሁለት ሦስት ዓመት ተጫውቷል። ከዚያ አንድ ቀን ፒኩን ያስቀምጥና እንደ ክራር በጣቶቹ መደርደር ይጀምራል። ለዚህ ደግሞ መቀመጥ ያስፈልጋል። ተቀምጦ መለማመድ በጀመረ በሳምንቱ ይመጣና «መምህር፣ ሁለተኛ ጊታር ልገዛ ነው፤ ጥሩው የትኛው ነው?» ይለኛል።

እኔም «እስቲ መጀመሪያ እጅጌህን ሰብስብ» እለዋለሁ። የቀኝ ክንዱን ውስጠኛ ጎን ስናይ፣ ከክርኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀይ መስመር ተሰምሮበት እናገኛለን። የሳጥኑ ጠርዝ ነው ያሰመረው። ጊታሩን ይዞ ሲቀመጥ ቀኝ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ፍሬቶቹን ለማየትም ጎብጦ ከሳጥኑ በላይ አሻግሮ ይመለከታል።

ብዙ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ የሚገዛው ያንኑ የመጀመሪያውን ጊታር ነው፤ ዋጋው የጨመረ፣ እንጨቱ ያማረ፣ ቅርጹ ግን ያው። ድምፁ ይሻሻል ይሆናል። ክንዱ ላይ ያለው መስመር ግን አይጠፋም። ሁለተኛ ጊታር የሚገዛው የመጀመሪያው የማይችለውን እንዲችል ነው። ተቀምጦ ለሚደረድር ሰው ደግሞ ከድምፁም ከብራንዱም በፊት መታየት ያለበት የሳጥኑ ጥልቀትና የአንገቱ ስፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የማብራራውም ይህንኑ ነው።

ትልቁ ሳጥን ከየት መጣ?

ሱቆቻችን ውስጥ በብዛት ተሰቅሎ የምናየው ወገበ ሰፊው ጊታር «ድሬድኖት» ይባላል። የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያ በ1916 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። የታችኛው ሆዱ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱም 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ድምፁ ጉልበት አለው፣ ቤዙ ይሞላል፤ ለሚዘምር ጉባኤ ከዚህ የተሻለ አጃቢ የለም።

የእኛ ጆሮ ጊታርን የለመደው በባንድ መሀል ነው። ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ያሰማን የኤሌክትሪክ ጊታር ለብዙዎቻችን «ጊታር» ማለት ሆኖ ቀርቷል። በእንጨት ሳጥን የሚወጣውን ድምፅ በቅርብ ለመስማት የሚፈልግ ግን ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር የመሠረተውን አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ያድምጥ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩ የከተማ ዘፈኖችን በአኮስቲክ ጊታር፣ በአኮርዲዮን፣ በክላሪኔትና በአንጋፋው አየለ ማሞ ማንዶሊን መልሶ ያመጣ ስብስብ ነው። እዚያ ውስጥ ጊታሩ ማንንም አይጋፋም። ተማሪዎቼን በጣት ወደ መደርደር ከማስገባቴ በፊት ይህንን አስደምጣቸዋለሁ።

ወንበር ላይ የሚደረግ ፈተና

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ክንድ ማስደገፊያ የሌለው ወንበር ጠይቁ። እግራችሁ መሬት ረግጦ ጭናችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። ጊታሩን ቀኝ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ክላሲካል (ባለ ናይለን ክር) ከሆነ ደግሞ ግራ እግራችሁን 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ በሚያደርግ ነገር ላይ አሳርፉና በግራ ጭናችሁ ያዙት። አሁን ግራ እጃችሁን ከአንገቱ ላይ አንሱ። አንገቱ ወደ መሬት ከወደቀ፣ ያ ጊታር በተጫወታችሁ ቁጥር ግራ እጃችሁን እንደ ተሸካሚ ያሠራዋል።

ቀጥሎ ቀኝ ክንዳችሁን ሳጥኑ ላይ ጣል አድርጉና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ትከሻችሁ የት ነው ያለው? ከፍ ብሎ ከሆነ ሳጥኑ ጥልቅ ሆኖባችኋል ማለት ነው። ማርቲን «ትሪፕል ኦ» እና «ኦ ኤም» የሚላቸው፣ ሌሎች ፋብሪካዎችም በየስማቸው የሚሠሯቸው ወገበ ቀጭን ጊታሮች ስፋታቸው 38 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በጥልቀት ከድሬድኖቱ የሚቀንሱት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ያቺ ትንሽ ልዩነት ከክንድ ሥር ስትወጣ ትከሻ ቦታው ይመለሳል። ይህንን በወሬ ከምነግራችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ ያዟቸው።

ትዝታ፣ ክፍት ክሮችና የአንገት ስፋት

ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው ሁልጊዜ የሚደነቁበት ነገር አለ። የጊታር ስድስት ክሮች በተለመደው ቅኝት ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ድግግሞሹን አውጥታችሁ ከሶል ጀምራችሁ ደርድሯቸው፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይህ የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ነው! ግራ እጃችሁ ምንም ሳይነካ፣ ጊታሩ እንዲሁ በተፈጥሮው ትዝታ ተቃኝቶ ተቀምጧል።

በጣት ለሚደረድር ኢትዮጵያዊ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አውራ ጣታችሁ ቤዙን ይዞ ሲሄድ፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት ዜማውን ያወጣሉ፤ ክፍቶቹ ክሮች ደግሞ ከኋላ ሆነው ያስተጋባሉ። ችግሩ የሚመጣው አንገቱ ሲጠብ ነው። አንዱን ክር የያዘው ጣት ጎረቤቱን ክፍት ክር ይነካና ድምፁን ይገድለዋል። ተማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የቦታ እጥረት ነው።

ስለዚህ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። የክሮቹ መነሻ ላይ የአንገቱን ስፋት ለኩ። ለምት የተሠሩ ጊታሮች 43 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ለጣት የሚመቹት የብረት ክር ጊታሮች 44 ተኩል፣ ክላሲካሉ 52። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ምንም አይመስልም፤ ጣቱ ወፈር ላለ ሰው ግን ድምፅ በመውጣትና ባለመውጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ማስመሪያ ከሌላችሁ አንድ ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያዙና ከሥሩ ያለውን ክፍት ክር ምቱ። ከታፈነ በሌሎቹም ክሮች ላይ ሞክሩት።

ስለ መንዘር አንድ ነገር ልበል። በገና ላይ መንዘሩ ሆን ተብሎ የሚፈለግ ነው፤ ከአሥሩ አውታሮች ሥር የምትገባው እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ነች የምታመጣው። ጊታር ላይ ክር ከነዘረ ግን ወይ ክሩ ወደ ፍሬቱ ከመጠን በላይ ቀርቧል፣ ወይ ፍሬቱ ተበልቷል፣ ወይ አንገቱ ጎብጧል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ 2 ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ ለብረት ክር ደህና ነው፤ ለናይለን እስከ 4 ይፈቀዳል።

ናይለን ወይስ ብረት?

ቀላል ከሚባሉት የብረት ክሮች አንድ ሙሉ ስብስብ ተወጥሮ ሲቃኝ ጊታሩን በ70 ኪሎ ገደማ ኃይል ይጎትተዋል። ናይለን 40 ኪሎ ያህል ነው። ጣትም ሳጥኑም ይህን ልዩነት ያውቁታል።

ከዚህ ጋር የማያዳግም ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አትወጥሩ። «ድምፁ እንዲጎላ» ተብሎ በሠፈራችን ስንቱ ጊታር በዚህ ምክንያት ብሪጁ እየተነቀለ፣ ሆዱ እየተነፋ ተበላሽቷል። የተሠራው ለዚያ ጉልበት አይደለም።

የመጀመሪያው ጊታራችሁ ትልቅ ባለ ብረት ክር ከሆነና በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ምክሬ ክላሲካል ነው። ያማሃ ሲ 40ን የመሰለ የተማሪ ጊታር ክሩ 650 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ አንገቱ 52 ነው፣ ሳጥኑም አይጠልቅም፤ ተቀምጦ ለመደርደር የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዟል። የክራርን ጥርት ያለ ድምፅ የምትወዱ፣ ካፖ አስራችሁ እያንጎራጎራችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን፣ ትንሽ ጨምራችሁ ወገበ ቀጭን የብረት ክር ጊታር ፈልጉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለተኛ ድሬድኖት ግን አይደለም።

የአቃቂ አየርና የቆርቆሮ ጣሪያ

አቃቂ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ቀኑ ደረቅና ነፋሻ፣ ሌሊቱ ብርዳም ይሆናል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እኩለ ቀን ላይ ያለው ሙቀት ደግሞ ሌላ ነው። እንጨት ይህንን አይችልም። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱ ፍሬት ግን አይኮማተርምና ጫፉ ከአንገቱ ጎን ይወጣል። እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ብታንሸራትቱ እንደ መጋዝ ይቆረቁራችኋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሆዱ ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል።

አንድ ተማሪዬ ፊቱ፣ ጎኑና ጀርባው ሁሉ ከወጥ እንጨት የተሠራ ውድ ጊታር ከውጭ አስመጥቶ ነበር። ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በጥር ወር ፊቱ ከብሪጁ እስከ ታች ተሰነጠቀ። እንዲህ ያለ ጊታር ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ እርጥበቱን መጠበቅ ለማይችል ሰው በንጣፍ የተለጠፈ እንጨት፣ ቢበዛ ፊቱ ብቻ ወጥ የሆነ፣ ይሻላል እላለሁ። ድምፁ ትንሽ ይደክማል፤ ነገር ግን ሰባት በጋ አብሯችሁ ይኖራል።

የምትገዙት ምንም ይሁን ምን ከጠንካራ ሽፋኑ ጋር ግዙ። የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ቀዳዱና ውስጡ እርጥብ ሆኖ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ ከጊታሩ ጋር ሽፋኑ ውስጥ አኑሩት። በየሳምንቱ አርጥቡት። ውኃ ማንጠባጠብ ግን የለበትም።

ስትገዙ

መርካቶም ግዙ ከሰው እጅ፣ ወይም ዘመድ ከውጭ ያምጣላችሁ፣ ሁለት ነገር ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ከጫፉ ተመልከቱ፤ የተጣመመ እንዳይሆን። ከዚያም ስስ ወረቀት በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ብሪጁ መነቀል ጀምሯል፤ ተዉት። ጊታሩን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ብታደምጡትም ጥሩ ነው፤ ድምፁ የሚወጣው ወደ ፊት ስለሆነ የያዘው ሰው ግማሹን አይሰማውም።

በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱና እጅጌያችሁን ሰብስቡ። ክንዳችሁ ላይ መስመር ከሌለ ግዙት። የመጀመሪያውን ጊታር ግን አትሽጡት፤ ለመዝሙሩ ያስፈልጋችኋል።