ሮማ፦ በጎትላንድ ደሴት የምትገኝ የገጠር መንደር
(የጂኦግራፊና የታሪክ ትምህርት)

ስዊድን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስቶክሆልምን ነው። በዛሬው ትምህርታችን ግን አንዲት የገጠር መንደር እንመለከታለን። ስሟ ሮማ ነው፤ የጣሊያኗ ሮማ ግን አይደለችም። የመረጥናት ታሪኳ እኛንም ስለሚነካን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አቀማመጥ
ጎትላንድ በባልቲክ ባሕር ላይ፣ ከዋናው የስዊድን ምድር 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የኖራ ድንጋይ ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ 60,000 ገደማ ናቸው። ሮማ በደሴቲቱ መካከል፣ ከቪስቢ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። መካከል ላይ በመሆኗም በጥንት ጊዜ የደሴቲቱ ሸንጎ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። በ1164 የተመሠረተው ገዳም ፍራሽ ዛሬም ይታያል።

2. አስተዳደርና ኑሮ
በስዊድን ገጠር የቆየው የአካባቢ ክፍል ሶከን ይባላል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎችን ስለሚያጠቃልል የእኛን አጥቢያ ይመስላል። በ1862 የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በየራሱ አስተዳደር ሥር ሆነ። በ1971 ደግሞ ጎትላንድ በሙሉ አንድ ወረዳ ሆነች። የሶከኖቹ ስም ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

የሮማ ሰዎች ኑሮ እርሻ ነበር። በ1894 የስኳር ፋብሪካ ተከፈተ፤ ስኳሩ የሚወጣው ከቀይ ሥር ጋር ከሚዛመድ ተክል ሥር ነው። ፋብሪካው በ1998 ተዘጋ።

3. ከሩቅ የመጡ ገበሬዎች
በ1781 ዳጎ ከምትባለው፣ ዛሬ በኢስቶንያ ከምትገኘው ደሴት፣ ስዊድንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች በሩሲያ መንግሥት ትእዛዝ ወደ ዩክሬን ተሰደዱ። ጉዞው በእግር ስለነበር ብዙዎች በመንገድ አለቁ። የተረፉት በድኒፐር ወንዝ ዳር መንደር ቆርቁረው ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን ለልጆቻቸው እያስተማሩ 150 ዓመት ያህል ጠበቁ።

በ1929 ወደ 900 የሚጠጉት ስዊድን ገቡ። አንድ ላይ ለመስፈር ተስፋ ቢያደርጉም በልዩ ልዩ ቦታ ተበተኑ። ቋንቋው የአያቶቻቸው ቢሆንም አገሩ እንግዳ ሆነባቸው። ከፊሎቹ ወደ ካናዳ ሄዱ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተመለሱ። ከቀሩት ብዙዎቹ በጎትላንድ እርሻ አግኝተው ኑሮ መሠረቱ። ታሪካቸውን የሚያሳይ ሙዚየም ዛሬ በሮማ ይገኛል።

4. ምን እንማራለን?
የእነዚህን ሰዎች ቋንቋ ያቆየው ለልጆቻቸው ማስተማራቸው ነው። እኛም ልጆቻችን አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንዲችሉ በየቤታችን እናስተምር፤ የቀያችንን ስምና የሽማግሌዎችን ትረካ በደብተር እንጻፍ። ደግሞም የአያት አገር መግባት ብቻውን ችግርን እንደማይፈታ እንገንዘብ፤ መሬት፣ ሥራና ጎረቤት ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ. ሶከን ከአጥቢያ ጋር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል?
ለ. ከ200 በላይ የሆኑት ሰዎች ለምን የተመለሱ ይመስላችኋል?
ሐ. ልጆቻችሁ ስለ ትውልድ መንደራችሁ ምን ያውቃሉ?