የሰሊጥ ሠራተኛና የደላላ ደብተር
ነጋዴ ገንዘቡ ሰውን በዕዳ እንዳያስር ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር

ሰውን መሸጥና መግዛት በአገራችን በሕግ የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናውም ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጽ ባርነትን፣ በግዴታ ማሠራትንና በሰው መነገድን ከልክሏል። ጎንደር የሲራራ ነጋዴ መገናኛ በነበረችበት ዘመን በመተማ በር ከቡናውና ከሰሙ ጋር ሰውም ይሸጥ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። ዛሬ በገበያ መካከል ቆሞ ሰው የሚሸጥ የለም። የዛሬው መታሰር የሚጻፈው በደላላ ደብተር ላይ ነው፤ የሚጻፍበትም ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከከተማው ነጋዴ ሣጥን የወጣ ነው።

ነገሩ በሰሊጥ ንግድ ላይ ከሌላው ይልቅ ጐልቶ ይታያል። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው፤ ፍሬው ሲደርቅ ከረጢቱ ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ በመተማ፣ በቋራና በታች አርማጭሆ ቆላ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ያ እጅ ደግሞ የሚመጣው ከደጋው፣ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራና ከሌላውም ወረዳ፣ የራሱ አዝመራ ገና ሳይደርስና ቤቱ እህል ሲጐድልበት ከሚወጣው ሰው ነው። የአንዱ ችኮላና የሌላው ችግር በሚገናኙበት ስፍራ ደላላው ቆሞ ይጠብቃል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ቍጥሩ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ እንጂ የዘመኑ ዋጋ አይደለም። አንድ ሰው ለቤተሰቡ የሚተወው 2,000 ብር በቅድሚያ ተቀበለ እንበል። የመኪና 900 ብር፣ የደላላ 600 ብር በስሙ ተጻፈበት። ማሳ ከደረሰ በኋላ ለቀለብ በቀን 100 ብር ሲታሰብበት በ30 ቀን 3,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 6,500 ብር ነው። በቀን 250 ብር ሊከፈለው የተስማማው ይህ ሰው 5 ቀን በወባ ቢተኛ የ25 ቀን ዋጋው 6,250 ብር ብቻ ነው። ወር ሙሉ በቆላ ፀሐይ ከደከመ በኋላ 250 ብር ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ዕዳው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መታወቂያው በአሠሪው እጅ ከሆነና «ሳትከፍል አትሄድም» ከተባለ ይህ ሰው ታስሯል። በሽታውም ወባ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቆላ ወቅታዊውን ሠራተኛ የሚያጠቃው ካላዛር የሚታከመው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በመሳሰለው ስፍራ ነው። በዕዳ የተያዘ ሕመምተኛ ግን ሐኪም ዘንድ በጊዜ አይደርስም።

ሕጉ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ደመወዝ ለሠራተኛው ለራሱ ወይም እርሱ ለወከለው ሰው እንዲከፈል ያዛል። ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤትም ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዙ መቍረጥ አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ የሚቈረጠውም ከወር ደመወዙ ሢሶ ሊበልጥ አይችልም። የጽሑፍ ውል ያልተደረገለት ሠራተኛ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ከዚህ አልፎ ሰውን አታልሎ ወይም አስገድዶ ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ ሲመጣ ጉዳዩ በዐዋጅ ቍጥር 1178/2012 የሚታይ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ከ7 እስከ 12 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን ተጐጂው ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ ከዚያ ይከብዳል።

አንዳንዱ ነጋዴ «እኔ ማሳ የለኝም፤ ሰሊጥ እገዛለሁ እንጂ ሠራተኛ አልቀጥርም» ይላል። እውነት ነው። ሆኖም አዝመራው ከመድረሱ በፊት ለባለ እርሻው የማሳጨጃ ብር የሚያበድረው ማን ነው? ያበደረ ሰው ደግሞ በብድሩ ውል ላይ ቃል ማስገባት ይችላል። የደላላው ዋጋ በባለ እርሻው እንዲከፈል፣ የሠራተኛ መታወቂያ በማንም እጅ እንዳይቀመጥ፣ ክፍያው በየ15 ቀኑ በሠራተኛው እጅ እንዲገባና በመዝገብ እንዲፈረም መጻፍ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ሰሊጡን ለማየት ወደ ማሳ የሚወርደው የነጋዴ ወኪልም ባለ እርሻው በሌለበት ሁለት ሦስት ሰዎችን «መታወቂያህ የት ነው? ዛሬ ብትሄድ ማን ይከለክልሃል? ስንት ዕዳ አለብህ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ያውቃል። መልሱን የሚሰጠው አፉ ብቻ አይደለም፤ ዝምታውም ይናገራል።

በተለይ እንግዳ ለሆነው ሠራተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሕዝብ በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብቷል፤ በአገራችን ውስጥ በተደረገው ጦርነትም ከቀዬው የተነቀለ ጥቂት አይደለም። ወረቀትም ዘመድም የሌለው ሰው በርካሽ ሲቀርብ ርካሹ ዋጋ ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባል።

ላኪዎችም የውጭውን ገበያ መመልከት አለባቸው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የዘመናዊ ባርነት ሕግ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስለ አቅራቢዎቻቸው በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ በግዴታ ሥራ የተመረተ ማንኛውም ዕቃ በገበያው እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሥራ ላይ የሚውለውም በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ሲሆን ትንሹንም ነጋዴ ይመለከታል። ሰሊጥ በምርት ገበያ ሲያልፍ በአብዛኛው የሚታወቀው በደረጃው እንጂ በባለ እርሻው ስም ስላልሆነ የአንዱ ክፉ ሥራ ለሁሉም ይተርፋል። የማሳውን ስም፣ የገዛበትን ቀንና የብድሩን ውል በፋይል ያስቀመጠ ላኪ ግን ከውጭ ደብዳቤ ሲመጣ የሚመልሰው ያገኛል።

ባለሱቆች ይህ ሁሉ የቆላ ነገር ነው ብለው እንዳያልፉት። ከገጠር «ላስተምርልህ» ተብሎ የመጣ የዘመድ ልጅ በማለዳ ሱቅ ከፍቶ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣ ማታ ዘግቶ እዚያው የሚተኛበት ቤት በከተማችን ይገኛል። የሚበላውና የሚለብሰው ደመወዙ ነው ይባላል። ዐዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ እንዲሁም በበዓል ቀን አይሠራም። «የቤት ልጅ ነው» የሚለው ምክንያትም አያድንም፤ ከዐዋጁ ውጭ የተደረገው ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ሲሆን ሱቅ ግን የቆመው ለትርፍ ነው። ዕድሜው የደረሰውን ልጅ ለማሠራት የሚፈልግ ባለሱቅ ውሉን ይጻፍ፤ የትምህርቱን ሰዓት ይተውለት፤ ደመወዙንም በየወሩ አስፈርሞ በእጁ ይስጠው።