የሰው አፍ የሚያስፈራው ሕመምተኛ

ተጫዋች እግሩ ሲሰበር ቃሬዛ ይመጣለታል፤ ተመልካቹም ያጨበጭብለታል። አእምሮው ሲታመምስ? «ነካ ያደርገዋል» እንላለን፤ ወይም «ይህን ያህል ብር እየተከፈለው ምን ጎደለው?» ከእኛም መካከል ጠዋት አስቀድሰን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ገብተን የምንሳደብ አለን።

ሮበርት ኤንከ የጀርመኑ ሐኖቨር 96 አምበል፣ የብሔራዊ ቡድኑም በረኛ ነበር። ለዓመታት በመንፈስ ጭንቀት ሕመም ተሠቃይቷል፤ ይታከምም ነበር፤ ነገር ግን በስውር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2009 በ32 ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። በማግስቱ ባለቤቱ ቴሬዛ ለጋዜጠኞች ምሥጢሩን ገለጸች። ሕመሙ ቢታወቅበት ከጨዋታ እንዳይወገድ፣ በማደጎ ያገኟትንም ሕፃን እንዳይወስዱበት ይሰጋ ነበር። ልብ እንበል፤ ከአጥቂ እግር ሥር የሚወድቅ ሰው የሰውን አፍ ፈራ። ለስንብቱ 40,000 ያህል ሕዝብ ስታዲየሙን ሞላው። ሐዘኑ የእውነት ነበር፤ ግን በሕይወት ሳለ ይህን ፍቅር በምን ያውቀው?

ሕመሟን ያልደበቀችም አለች። አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከቡድኑ ፍጻሜ መካከል አቋርጣ ስትወጣ፣ አይዞሽ ያሏት ብዙዎች ነበሩ፤ እንደ ፈሪ የቆጠሯትም አልጠፉም። እርሷ ግን ምክርና ሕክምናዋን ተከታትላ በ2024 ፓሪስ ላይ 3 ወርቅ ወሰደች።